የተረሱ የሳይኬደሊክ ዘመን ሸክላዎችን በሲዲ ዳግም ማሳተም፦ አዲስ አበባ ላይ ሆነን አንችልም?

ሸክላ ወዳጅ (ፒያሳ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እንዳንምታታ፣ ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ከ1969 እስከ 1978 አካባቢ አዲስ አበባ ከተቀረጹት ዘፈኖች መሀል ጊታሩ በፈዝ (ድምፁን በሚያሻክር ፔዳል) የሚያጓራባቸው፣ ዋዋ ፔዳሉ የሚያለቅስባቸው፣ ኦርጋኑ ከዘፋኙ ቀድሞ ልብ የሚወስድባቸው አሉ። ለንደንና ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሳይኬደሊክ ፖፕ የተባለው ድምፅ እዚህ ደርሶ፣ ከትዝታና ከአንቺሆዬ ቅኝት ጋር ተስማምቶ፣ ከጦር ሠራዊቱ ባንዶች በወጡ የነፋስ መሣሪያ ተጫዋቾች ታጅቦ ተሠርቷል። አብዛኞቹ ፊትና ጀርባ አንድ አንድ ዘፈን በያዘች ትንሽ ሸክላ ወጡ፣ ጥቂት ጊዜ ተደመጡ፣ ከዚያ ካሴት መጣና እዚያው ቀሩ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ከእነዚህ ውስጥ 16 ወይም 18 መርጠን፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደን፣ ድምፁን በወጉ አጽድተን፣ የተጫዋቾቹን ስም በአማርኛ የዘረዘረ ጽሑፍ ጨምረን፣ አንድ ሲዲ እዚሁ ማውጣት ያቅተናል?

ፈረንጆቹ ይህን ሥራ ከጀመሩ ዘመናት አልፈዋል። በ1972 ኤሌክትራ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የተረሱ የ60ዎቹ ባንዶችን 27 ዘፈኖች ሰብስቦ «ነጌትስ» በሚል ርዕስ በሁለት ሸክላ አወጣ። በ1998 ራይኖ የተባለው አሳታሚ ያንኑ ስብስብ ወደ አራት ሲዲና 118 ዘፈኖች አሰፋው። ዞምቢስ የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1967 አቢ ሮድ ስቱዲዮ ገብቶ የቀረጸው አልበም በ1968 ገበያ ላይ ሲውል ባንዱ ፈርሶ ነበር። ሰሚ ያጣው ያ አልበም ዛሬ የሞኖ (ባለ አንድ መስመር) እና የስቴሪዮ (ግራና ቀኙ የተለየ) ቅጂው በአንድ ሲዲ ላይ ተጣምሮ ይገኛል፣ የዘመኑ ታላላቅ ሥራዎች ሲቆጠሩም ስሙ ይነሳል። ትልቅ ያደረገው ትዕግሥተኛ አሳታሚ ነው።

ወደ እኛ እንምጣ። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» በ1986 ብራስልስ ውስጥ በክራምድ ዲስክስ ዳግም ታተመ። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ፓሪስ ካለው ቡዳ ሙዚቅ ጋር «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ ሲዲ አወጣ። ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ ምስጋና ከልብ ነው፤ እነሱ ባይኖሩ ብዙው ነገር ጠፍቶ ነበር። ነገር ግን መግለጫው የተጻፈው በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው፣ ገዢው ያለው ውጭ ነው፣ ምርጫውም የውጭ ሰው ጆሮ ያማረጠው ነው። ከቸርችል ጎዳና እስከ አራት ኪሎ ያለው ሰው የራሱን ከተማ ድምፅ ከውጭ በመጣ ሻንጣ ውስጥ ነው የሚያገኘው። ይህ ያንገበግበኛል።

ለገሃር 45

ወንድሜ ሐሳብህን ወድጄዋለሁ። ግን ሲዲ? ዛሬ ማን ቤት ሲዲ ማጫወቻ አለ? ታክሲው በፍላሽ፣ ቤቱ በስልክ ነው የሚያዳምጠው። የእኔ ላፕቶፕ እንኳ ሲዲ ማስገቢያ የለውም። ወይ ሸክላ አድርገው፣ ወይ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ ጫነው። መሀል ላይ ያለውን ማን ይገዛዋል?

ሸክላ ወዳጅ (ፒያሳ)

@ለገሃር 45 ጥያቄህ ተገቢ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ሸክላ ማሳተም ደስ ይለኛል፤ ወጪው ግን ከአቅማችን በላይ ነው፣ ሸክላ የሚያትሙ ፋብሪካዎችም ወረፋቸው ረጅም ነው። የሲዲ ፋብሪካ 300 ወይም 500 ቅጂ ብታዝ ይሠራልሃል። ይዘቱም አለ። አንድ ሲዲ እስከ 80 ደቂቃ ይይዛል። የትንሽ ሸክላ አንድ ገጽ በአማካይ አራት ደቂቃ ብንለው 18 ዘፈን 72 ደቂቃ ነው። ዘጠኝ ሸክላ ከነጀርባው ማለት ነው፣ ምንም ሳይቆረጥ።

ኢንተርኔቱን በተመለከተ፣ የተጫኑትን እስቲ ልብ ብላችሁ እዩአቸው። የአንዱ ዘፋኝ ሥራ በሌላው ስም፣ በ1970 የተቀረጸው «የ80ዎቹ ምርጥ» ተብሎ፣ መግቢያው ተቆርጦ፣ ፍጥነቱ ተዛብቶ ነው የሚገኘው። ነገ የጫነው ሰው ቢያነሳው ደግሞ ተነሳ። የታተመ ሲዲ ከነጽሑፉ መዛግብት ቤት ይገባል፣ ዩኒቨርሲቲ ይገባል፣ የዘፋኙ ልጅ ሳሎን ይቀመጣል። በእጅ የሚያዝ ማስረጃ ነው። ከዚያ በኋላ ፋይሉን ለስልክም ለፍላሽም እንስጥ፣ እሱን አልቃወምም። መጀመሪያ ግን አንድ ትክክለኛ ቅጂ ይኑር ነው የምለው።

አደራ፣ ሲዲ ስል በኮምፒውተር የሚቃጠለውን ማለቴ አይደለም። እሱ ውስጡ ያለው ቀለም በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከየሙዚቃ ቤቱ የገዛናቸው፣ ሽፋናቸው በቤት ፕሪንተር የታተመ ሲዲዎች ስንቶቹ ዛሬ ይነበባሉ? እኔ ዘንድ ካሉት አብዛኞቹ «ዲስክ የለም» ነው የሚሉት። ፋብሪካ የሚታተመው በቅርጽ ማተሚያ ተጨፍልቆ አሉሚኒየም የሚለብስ ስለሆነ በደህና ከተያዘ ይቆያል።

አራት ኪሎ ኦርጋን

እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ገለልተኛ መሆን አልችልም፤ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ፣ ያሳደገኝም ያ ድምፅ ነው።

ይህ ነገር እንደሚሠራ ያየነው በዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች በኃይሉ መርጊያ ነው። ዋልያስ ባንድ በ1977 በካይፋ ሪከርድስ ያሳተመው «ቸበለው» ለብዙ ዓመት በሰብሳቢዎች እጅ ብቻ ነበር። ኃይሉም አሜሪካ ቀርቶ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ እየጠበቀ ከመኪናው ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በ1985 የሠራውን ካሴት ዳግም አሳተመለት፣ በ2014 ደግሞ «ቸበለው»ን። ሰውዬው በየአገሩ እየዞረ ወደ መድረክ ተመለሰ። ዳግም ህትመት ያለፈን ነገር ማስታወሻ ብቻ ነው የሚል ካለ ይህን ይመልከት። ሥራውን በሕይወት እያለ ነው የመለሰለት።

አያሌው መስፍንም አለ። ከጥቁር አንበሳ ባንድ ጋር የሠራቸውን ዘፈኖች ናው አጌይን የተባለው የሎስ አንጀለስ አሳታሚ በ2018 «ሀሳቤ» ብሎ ሲያወጣ ያ የፈዝ ጊታር ዓለምን አስደነገጠ። እኛ ከሠፈራችን የወጣውን ድምፅ ከሎስ አንጀለስ ነው የሰማነው። ሸክላ ወዳጅ ያንገበግበኛል ያለው ነገር እኔንም ያንገበግበኛል።

ካዛንቺስ ልጅ

አለሁበት። ሁለት የአምሃ ሪከርድስ ሸክላ አለኝ፣ አንዱ ትንሽ ተጭሯል። ለማዋስ ዝግጁ ነኝ።

ጋሽ ቤዝ

ልጆች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጄ ናት ይህን ገጽ ያሳየችኝ። እኔ በዚያ ዘመን እዚሁ መሀል ከተማ በአንድ ሆቴል ባንድ ውስጥ ቤዝ እጫወት ነበርና የማውቀውን ልበላችሁ።

ሳይኬደሊክ የምትሉትን ነገር እኛ አናስበውም ነበር። የምንጫወተው የጥቁር አሜሪካኖችን ሶል ሙዚቃ ነው፤ ጄምስ ብራውን፣ ኦቲስ ሬዲንግ፣ ዊልሰን ፒኬት። ሸክላው በሰላም ጓዶችና አስመራ ቃኘው ጣቢያ በተባለው የጦር ሰፈር በነበሩ አሜሪካኖች በኩል ይደርሰናል፤ የቃኘውን ሬዲዮ የሚሰማ ጓደኛ ያለው ሰው ከሁላችን ቀድሞ ያውቃል። ጊታሪስቱ ፈዝ ፔዳል የሚያገኘው ውጭ የሄደ ሰው ካመጣለት ነው። አንዷ ፔዳል በሁለትና በሦስት ባንድ መሀል ትዞራለች። ስለዚህ በአንድ ሸክላ ላይ የምትሰሙት ፈዝ በሌላ ባንድ ሸክላ ላይ ከምትሰሙት ጋር አንድ ዓይነት ቢመስላችሁ አትገረሙ፣ ዕቃው አንድ ሊሆን ይችላል።

ቀረጻውስ? ባለ ሁለት ትራክ ማሽን ነው። ሁሉም ሰው በአንድ ክፍል ቆሞ ነው የሚጫወተው፣ ዘፋኙም አብሮ። ድራሙ ከበዛ ድራመሩን ወደ ኋላ ማራቅ ነው እንጂ በኋላ ዝቅ የሚደረግበት መንገድ የለም። ሳክስፎኑ ሶሎ ሲደርስበት ሁለት እርምጃ ወደ ማይኩ ይጠጋል፣ ሲጨርስ ይመለሳል። አንድ ሰው ከሳተ ሁላችንም ከመጀመሪያው። ሆቴል ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሥራው የሚጀመረው እንግዳው ከወጣ በኋላ ነው፤ ጠዋት ስንወጣ ከንፈራቸው ያበጠ ትራምፔት ነፊዎች ነበሩን።

አራት ኪሎ ኦርጋን

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን! ይህን ማንም ጽፎልን አያውቅም። እባክዎ ከቻሉ ይቀጥሉልን። ዘፈኖቹ ላይ ማን እንደተጫወተ የሚጻፍ ነገር ነበር?

ጋሽ ቤዝ

ልጄ፣ ሸክላው ላይ የዘፋኙ ስም አለ፣ የዘፈኑ ርዕስ አለ፣ አንዳንዴ የባንዱ ወይም የአቀናባሪው። የተጫዋች ስም ብዙ ጊዜ የለም። ገንዘቡን ያን ቀን ተቀብለን እንሄዳለን፣ በዚያው አለቀ። ያሳዘነን ነገር ነበር ብል ልክ አይሆንም፤ ያኔ ማናችንም ከ50 ዓመት በኋላ የሚጠይቅ ሰው ይመጣል ብለን አላሰብንም። አሁን ግን የሞቱትን ጓደኞቼን ሳስብ ስማቸው ቢጻፍ ደስ ይለኛል።

ሸክላ ወዳጅ (ፒያሳ)

ጋሼ፣ የዚህ ሥራ ዋና ቁም ነገር አሁን እርስዎ ያሉት ነው። ቀረጻው ጠፍቷል ለማለት አይቻልም፤ እየተጎሳቆለም ቢሆን በየሰው ቤት አለ። እየጠፋ ያለው ማን ምን እንደተጫወተ የሚያውቀው ሰው ነው። የአምሃ ሪከርድስ መሥራች አምሃ እሸቴ በ2021 አረፈ። ዓለማየሁ እሸቴም በዚያው ዓመት። ሙሉቀን መለሰ በ2024። ዘፋኞቹን አገር ያውቃቸዋል፤ ሁለተኛውን ትራምፔት የነፋው ሰው ግን ሲያልፍ በዚያ ዘፈን ላይ መኖሩ አብሮት ያልፋል።

ግርማ በየነን ውሰዱ። በርካታ የዘመኑ ዘፈኖች የእሱ ቅንብር ናቸው፣ ራሱ የዘፈናቸው ግን በጣም ጥቂት ናቸው። በ2017 የኢትዮፒክስ 30ኛው ቅጽ በእሱ ስም ሲወጣ ነው ብዙው ሰው ልክ ያወቀው። የእሱን ያህል ዕድል ያላገኙ ስንት አሉ!

ቴክኒሻኑ

ድምፅ ቅጂ ሥራዬ ስለሆነ ስለ ሥራው ላውራ። ማስተር ቴፑ (ዘፈኑ መጀመሪያ የተቀረጸበት ክር) ከተገኘ ከሁሉ ይበልጣል፤ ካልተገኘ ግን ከሸክላ ነው የምንገለብጠው፣ እሱም በወጉ ከተሠራ ያስደንቃል።

አንደኛ፣ ከአንድ ሸክላ አትገልብጡ። ለአንድ ዘፈን ሦስት አራት ቅጂ ሰብስቡ። አንዱ መግቢያው ላይ ተጭሯል፣ ሌላው መጨረሻው ላይ፤ ደህናውን ደህናውን መርጦ መገጣጠም ይቻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሸክላ ማተሚያ ስላልነበረ የአምሃ የመጀመሪያዎቹ ህንድ ነው የታተሙት፣ ኋላ ደግሞ ሊባኖስ። ስለዚህ ያው ዘፈን ሁለት ጊዜ ታትሞ ከሆነ የአንዱ ህትመት ከሌላው ሊሻል ይችላል። በመሀሉ ወረቀትና በዘፈኑ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ የተጫረች ቁጥር አለች፤ ህትመቱን የምትለዩት በእሷ ነው። ለብርሃን ዘንበል አድርጋችሁ አንብቧት።

ሁለተኛ፣ ሞኖ ሸክላ በስቴሪዮ መርፌ ሲገለበጥ ግራና ቀኙን ደምሩት። ሙዚቃው በሁለቱም በኩል አንድ ስለሆነ ይጠነክራል። አቧራውና ጭረቱ መርፌዋን ወደ ላይና ወደ ታች ሲያዘልላት የሚሰማው ጩኸት ግን በሁለቱ በኩል ተቃራኒ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ሲደመር እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ያለ ምንም ውድ ፕሮግራም ግማሹን ሥራ እዚህ ላይ ትጨርሳላችሁ።

ሦስተኛና በጣም የምለምናችሁ፦ ፍጥነት! ከአሜሪካ በዘመድ የመጡ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተራቸው ለ60 ኸርዝ መብራት የተሠራ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ያ ማጫወቻ እዚህ ሲሽከረከር 17 በመቶ ያህል ይዘገያል፤ ያ ማለት ሦስት ሴሚቶን (በፒያኖ ላይ ሦስት ተከታታይ ቁልፍ ያህል) ዝቅ ይላል። ወጣቱ ዘፋኝ ሽማግሌ መስሎ ኢንተርኔት ላይ የተጫነበት ቅጂ ሰምቻለሁ። እንዲህ ትልቅ ሲሆን ሁሉም ያውቀዋል። የሚያስቸግረው 3 በመቶው ነው፤ የሴሚቶን ግማሽ ስለሆነ ጆሮ ይለምደዋል፣ ሰውም ያንኑ እየሰማ «ዋናው» ይለዋል። ኦርጋን ያለበት ዘፈን ከሆነ ኦርጋኑን መቃኛ አድርጉት።

አራተኛ፣ ጭረት በእጅ ነው የሚነሳው፣ አንድ በአንድ እያጎላችሁ። ፕሮግራሙ በጅምላ ሲያጸዳ ሲምባሉንና የክራሩን ጫፍ አብሮ ይልጠዋል። ፈዝ ጊታር ላይማ ጨርሶ አደገኛ ነው፤ ማሽኑ ፈዙን ራሱን ብልሽት መስሎት ያነሳዋል። ትንሽ የጭረት ድምፅ ቢቀር ይቅር።

ድምፁንም አታጩኹት። የብዙ ሲዲ ችግር ሁሉም ነገር እኩል እስኪጮኽ መጨፍለቁ ነው። ጋሽ ቤዝ ያሉት ሳክስፎኒስት ሁለት እርምጃ ወደ ማይክ ሲጠጋ መሰማት አለበት።

ለገሃር 45

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሲዲ ማጫወቻ ልገዛ ነው 🙂 ከልቤ ነው። የጠየቅሁትም ለመቃወም አልነበረም፣ መልሱ አጥግቦኛል።

ጠበቃዋ

ሕጉን ሳንነካ ብናልፍ ትልቅ ጥፋት ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ የእኛ አቆጣጠር ነው) መሠረት የግጥምና የዜማ ደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሾቹ ናቸው ባለመብቱ። የከዋኙና የድምፅ ቀረጻው አሳታሚ መብት ደግሞ 50 ዓመት ነው። «1969 የወጣ ስለሆነ 50 ዓመቱ አልፎታል፣ ነፃ ነው» የሚል ሰው በየቦታው ታገኛላችሁ። ያለፈው የቀረጻው ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ የዜማና የግጥም ደራሲው መብት ግን በሕይወት ካለ፣ ወይም ከሞተ ገና 50 ዓመት ካልሞላው፣ እንዳለ ነው። በ70ዎቹ መጨረሻ አካባቢ የታተመው ደግሞ የቀረጻው ጊዜ ራሱ አልቋል ብሎ መዝለል አይቻልም፣ በየሸክላው መቁጠር ያስፈልጋል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዘፈን አንድ ገጽ ክፈቱ፦ ዘፋኝ፣ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ባንድ፣ አሳታሚ፣ የታተመበት ዓመት፣ ወራሽ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ክፍያው ቁጥሩ ተጽፎ ይፈረምበት። «በኋላ እንተያያለን» የሚባል ነገር አይኑር። ውል ለማርቀቅ እኔ በነፃ አለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሮድሪጌዝ የሚባል አሜሪካዊ ዘፋኝ በ1970 ያወጣው አልበም አገሩ ላይ ሰሚ አጣ፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን እጅግ ታዋቂ ሆነ። ሰውየው ለብዙ ዓመት ይህን አያውቅም ነበር። ደንበኛው ዳግም ህትመት የወጣው በ2008 ነው። የእኛ ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ እጅ መደገም የለበትም።

ሰገነት

ይቅርታ አድርጉልኝና ትንሽ ልቃወም። ለምን የተረሱት ብቻ? ሰው የሚገዛው የሚያውቀውን ነው። ጥላሁንን፣ ማሕሙድን፣ ብዙነሽን አስገቡ፣ ያልታወቁትን በመሀል ጣል አድርጉ። አለዚያ 500 ሲዲ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል።

ሸክላ ወዳጅ (ፒያሳ)

@ሰገነት ሐሳብህ ይገባኛል፤ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። የጥላሁንና የማሕሙድ ሥራ ደጋግሞ ታትሟል፣ ይታተማልም። 72 ደቂቃ ነው ያለን። አንድ የታወቀ ዘፈን ባስገባን ቁጥር ሌላ ዕድል የማያገኝ አንድ ዘፈን እናስወጣለን። ዛምቢያዎቹን እዩአቸው፤ ዊች የተባለውን የ70ዎቹ ባንዳቸውን ከዛምቢያና ከጎረቤቶቿ ውጭ ማን ያውቀው ነበር? ዳግም ሲታተም ግን በሕይወት የቀረው ድምፃዊ ጃጋሪ ቻንዳ ባንዱን አቋቁሞ ዓለምን ዞረ። ሰው የማያውቀውን ይገዛል፣ በእምነት ከቀረበለት።

አምሃ ሪከርድስ ብቻ ከ1969 እስከ 1975 ድረስ 103 ትናንሽ ሸክላና 12 አልበም አሳትሟል። ያኔ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ አምሃ ያንን ደፍሮ በዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ጀመረ። ሌሎች አሳታሚዎችም ነበሩ፤ ካይፋም አለ፣ ፊሊፕስም አለ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ የታወቀው ስንት ነው?

አራት ኪሎ ኦርጋን

እኔ ከሸክላ ወዳጅ ጋር ነኝ። በተለይ የጀርባው ገጽ! ፊቱ ላይ ለገበያ የታሰበው ይወጣል፣ ጀርባው ላይ ባንዱ ነፃ ይሆናል። የምወዳቸው የኦርጋን ሶሎዎች ከሞላ ጎደል ጀርባ ላይ ናቸው። አንዱን ልንገራችሁ፤ ርዕሱን ባለቤቱ እስኪፈቅድ ልተወው። ዘፋኙ ሁለተኛውን አዝማች ጨርሶ ይወጣል፣ ኦርጋኑ በባቲ ቅኝት አንድ ድምፅ ይዞ ስምንት ምት ሙሉ ሳይለቅ ይቆያል፤ ከሥሩ ቤዙ ብቻ ነው የሚራመደው። ከዚያ ጊታሩ በፈዝ ያንኑ ድምፅ ይቀበለዋል፣ ለአንድ አፍታ ሁለቱ ተደርበው የትኛው የቱ እንደሆነ አይለይም። ነፋሶቹ ሲገቡ ቤቱ ይሞላል። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው። ይህን የተጫወተው ሰው ማነው? ሸክላው ላይ አልተጻፈም። ይህን መመለስ እፈልጋለሁ።

ለምርጫው የምጠቁማቸው፦ ሶል ኤኮስ ባንድ ያጀባቸው የተሾመ ምትኩና የሰይፉ ዮሐንስ ሥራዎች መታየት አለባቸው። አንዳንዶቹ በስብስብ ወጥተዋል፣ ያልወጡ ካሉ እነሱ ይቅደሙ። የጌታቸው ካሳም እንዲሁ። ሴቶቹን አትርሱ፤ ሂሩት በቀለ ከፖሊስ ሠራዊት ባንድ ጋር የሠራችውን ስሙ።

ካዛንቺስ ልጅ

ሴቶቹን በተመለከተ ሙሉ በሙሉ ተስማምቻለሁ። ስብስብ ሲወጣ ሁሌም አንድ ሁለት ተደርጎ ይታለፋል።

ፖስታ ቤት በታች

ዝም ብዬ ነበር የማነበው። አባቴ መሀል ፒያሳ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። በ2024 ሠፈሩ ሲነሳ የቆየ ዕቃ ሁሉ በየሳጥኑ ተጭኖ ወደየኮንዶሚኒየሙ ሄደ። ከእኛ ጋር የሄዱ ሦስት ካርቶን ሸክላ አሉ፣ ገና አልፈታናቸውም። ብዙ ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ሸክላ ልትሰበስቡ ካላችሁ አሁን ነው። ሰው አዲስ ቤት ሲገባ ቦታ ስለሚጠበው መጀመሪያ የሚጥለው የማይሠራበትን ዕቃ ነው።

ቴክኒሻኑ

@ፖስታ ቤት በታች እባክህ ካርቶኖቹን ዛሬውኑ ክፈትና ሸክላዎቹን እንደ መጽሐፍ በቁም ደርድራቸው። ተደራርበው ተኝተው ከሆነ የሥረኞቹ ይጣመማሉ። ወደ ፀሐይም አታውጣቸው። አቧራቸውን በደረቅ ጨርቅ አትሸው፣ አሸዋው ራሱ ይጭረዋል። እኔ መጥቼ አጥባቸዋለሁ፤ የተጣራ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ነው የሚያስፈልገው።

ፖስታ ቤት በታች

እሺ ወንድሜ፣ ማታ እከፍታቸዋለሁ። ሽፋናቸው የጠፋም ብዙ አለ።

ጋሽ ቤዝ

ሽፋኑ ቢጠፋ ግድ የለም፣ ዋናው መሀሉ ላይ ያለው ወረቀት ነው። እኔ ዓይኔ ደክሟል እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። አጫውቱልኝ፣ ድራመሩን ከአገባቡ እነግራችኋለሁ፤ ሁሉም የራሱ አመጣጥ ነበረው። ሌሎች ሁለት ጓደኞቼም በሕይወት አሉ፣ አንደኛው ትራምፔት ነፊ ነው። ራስ ሆቴል አካባቢ አልፎ አልፎ ቡና እንጠጣለን፣ እነሱንም እጠራቸዋለሁ።

አራት ኪሎ ኦርጋን

ጋሼ፣ መቅረጫ ይዤ እመጣለሁ። የሚሉት ሁሉ በድምፅ ይያዝ፣ ከሲዲው ጋር ለሚወጣው ጽሑፍ መነሻው እሱ ይሆናል። እርስዎም አንብበው ሳይፈቅዱ አንዲት መስመር አይታተምም።

ጠበቃዋ

ለቃለ ምልልሱም የፈቃድ ቅጽ አዘጋጃለሁ፣ አንድ ገጽ፣ በቀላል አማርኛ።

ሰገነት

እሺ፣ ተሸነፍኩ ሳይሆን አመንኩ። ሽፋኑን ልሥራላችሁ፣ ግራፊክስ ነው ሙያዬ። ጽሑፉ በግዕዝ ፊደል ትልቅ ሆኖ ፊት ላይ ይሁን። ደግሞም የእያንዳንዱ ሸክላ መሀል ወረቀት ፎቶ ውስጥ ይግባ፣ በቀለሙ፣ ከነእድፉ።

ሸክላ ወዳጅ (ፒያሳ)

በጣም ጥሩ። እንግዲህ ከዚህ ክር ሥር እያንዳንዳችሁ ያላችሁን ጻፉ፦ ዘፋኝ፣ የፊትና የጀርባ ርዕስ፣ የአሳታሚው ስም፣ መሀል ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር፣ ባዶው ቦታ ላይ የተጫረው ቁጥር። ሸክላው ቢጫርም ቢሰነጠቅም ጻፉት፣ ቁጥሩ ብቻውን ይጠቅማል። አራት ኪሎ ኦርጋን ዝርዝሩን ትይዛለች። ፈቃድ ያልተገኘለት ዘፈን ምንም ያህል ቢያምር አይገባም፣ በዚህ አንደራደርም።

ካዛንቺስ ልጅ

የእኔን ሁለቱን አሁን እያነበብኩ ነው። የአንደኛው የተጫረ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል ኤ ትሁን አራት አልለየኋትም። ፎቶ ልላክ?

ቴክኒሻኑ

ላክ። ስታነሳው ባትሪውን ከጎን አብራው፣ ከላይ አይደለም።